የሹመትና የሥልጣን አከፋፈል በነጋዴዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ

ነጋዴ ከሸቀጥ ቀጥሎ የሚሻው ነገር ወሬ ነው። ዘይት በመርካቶ ስንት እንደ ዋለ፣ ጭነት የያዘው መኪና ከጎሬ ተነሥቶ ቡሬን ማለፉን፣ ባሮ መሙላቱን ወይም መጉደሉን ማለዳ የሰማ ሰውና ማታ የሰማ ሰው በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ቢቀመጡም ትርፋቸው አንድ አይሆንም። ይህ ወሬ ቀድሞ በሹፌር አፍና በደብዳቤ፣ ኋላም በስልክ ሲመጣ ኖሯል፤ በዛሬው ጊዜ ግን ከነጋዴው እጅ በማይለየው ስልክ ላይ፣ ቴሌግራም በተባለው የመልእክት መለዋወጫ በኩል ለብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ይደርሳል።

ፓቬል ዱሮቭና ወንድሙ ኒኮላይ በ2005 ዓ.ም. ያወጡት ይህ ቴሌግራም ሁለት ዓይነት ጉባኤ አለው። አንደኛው ቻናል ይባላል፤ ባለቤቱ ይናገራል፣ ሌላው ያደምጣል፤ በአደባባይ እንደሚነበብ ዐዋጅ ያለ ነው። ሁለተኛው ግሩፕ ነው፤ በዚህ ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ይሰማል፤ እስከ 200,000 አባላት ሊይዝም ይችላል። ቻናልን ማስተዳደር ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ግሩፕ ነውና የዚህ ጽሑፍ ነገር በእርሱ ላይ ይሆናል።

በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኘው የትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በ2006 ዓ.ም. ነው። ሰው በተሰበሰበበት ገበያ አይቀርምና ሱቁ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱና በክፍያ ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው ሁሉ በዚያ ተከሏል። ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ጨውና ሽንኩርት ከጋምቤላ ከተማ ወደዚያ ይሄዳል፤ በገበያውም ኑዌርኛ፣ አማርኛ፣ ዐረብኛ፣ አኙዋክኛና ኦሮምኛ ይሰማል። እንግዲህ ለነገሩ ማስረጃ እንዲሆነን፣ የጋምቤላ ጅምላ ሻጮች፣ የጭነት መኪና ባለቤቶችና የትየርኪዲ ቸርቻሪዎች 300 ሆነው አንድ ግሩፕ አቋቋሙ እንበል።

እንዲህ ያለ ግሩፕ ሲቋቋም ብዙ ጊዜ የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው። መሥራቹ ሰው እንዳይቀየመው ሲል ለባልንጀራው፣ ለአማቹ፣ ለደንበኛው፣ ባንድ ቀን ለአሥር ለአሥራ አምስት ሰው አድሚንነትን ያድላል። ሹመቱ እንደ ክብር ይቆጠራል እንጂ እንደ ሥራ አይታሰብም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም ሳይጠሩት ከስልኩ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ አንዱ አድሚን የተፎካካሪውን ማስታወቂያ ይሰርዛል፤ ሌላው ዱቤ ያልመለሰለትን ቸርቻሪ ከግሩፑ ያስወጣል፤ ሦስተኛው የግሩፑን ስም በገዛ ሱቁ ስም ለውጦ ያድራል።

ይህ ሁሉ ጠብ ቢሆንም በሽማግሌ ይታረቃል። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ክረምቱ ገብቶ ሳለ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ አባል በሌሊት «የኢታንግ መንገድ ተቆርጧል» ብሎ ይጽፋል እንበል። ወሬው እውነት ከሆነ ለሁሉም የሚበጅ ነው። ሐሰት ከሆነ ግን በማግሥቱ የስኳርና የዘይት ዋጋ በትየርኪዲ ይወጣል፤ ከተሰፈረለት እህል ቀንሶ ሸጦ ለልጆቹ ዘይት የሚገዛው ሰው ባዶ ጠርሙሱን ይዞ ይመለሳል፤ ወሬውን የለቀቀው ሰው ደግሞ በመጋዘኑ ያከማቸውን በሁለት ቀን ሸጦ ይገላገላል። ይህን ለማረም ሥልጣን የነበራቸው አሥራ አምስት አድሚኖች ሁሉ፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፣ እስከ ረፋድ ድረስ ዝም ብለው ተኝተዋል። የብዙ ሰው ኃላፊነት የማንም ኃላፊነት ሳይሆን የቀረበት ምክንያት፣ ለማን ምን እንደ ተሰጠ ከመጀመሪያው ስላልታወቀ ነው።

በግሩፕ ውስጥ ያለው ደረጃ ሦስት ነው፤ ባለቤት፣ አድሚንና አባል። ባለቤት የሚባለው ግሩፑን ያቋቋመው ወይም ከእርሱ የተረከበው አንድ ሰው ነው፤ ሥልጣኑም ሙሉ ነው። አድሚን ባለቤቱ የሾመው እንደራሴ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ግን አድሚንነት አንድ ወጥ ሥልጣን አለመሆኑ ነው። ሲሾም በስልኩ ላይ የሥልጣን ዝርዝር ይቀርባል፤ እያንዳንዱም ለየብቻው የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። የግሩፑን ስምና ሥዕል መለወጥ አንድ ሥልጣን ነው፤ የሌላውን ሰው መልእክት መሰረዝ ሌላ ነው፤ አባልን ማገድ ሌላ፤ በመጥሪያ ሊንክ ሰው ማስገባት ሌላ፤ መልእክትን ከላይ ሰክቶ ማስቀመጥ ሌላ፤ የድምፅና የቪዲዮ ስብሰባን መምራት ሌላ፤ ስምን ሰውሮ በግሩፑ ስም መጻፍ ሌላ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላ አድሚን መሾም ራሱን የቻለ ሥልጣን ነው።

ይህን ነጋዴ በቀላሉ ሊረዳው ይገባል፤ በውክልና ሕግ የሚያውቀው ነገር ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2203 እንደሚደነግገው፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለተወካዩ የአስተዳደርን ሥራ ብቻ እንዲሠራ ያስችለዋል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ በሐዋላ ወረቀት ላይ ለመፈረም፣ ክርክርን በስምምነት ለመጨረስ፣ ስጦታ ለማድረግ ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሱቁን እንዲጠብቅለት ለወንድሙ ልጅ ቁልፍ የሰጠ ነጋዴ ሱቁን እንዲሸጥ አልወከለውም። በግሩፕም እንዲሁ ነው፤ የማለዳውን ዋጋ እየጻፈ ከላይ እንዲሰካ የተፈለገ ሰው ይህንኑ ሥልጣን ቢሰጠው ይበቃዋል፤ አባል እንዲያባርር ወይም ሌላ ሰው እንዲሾም ማድረግ የማያስፈልግ ለጋስነት ነው።

በዚሁ በኢታንግ አገር ጥንቃቄ የተሞላበት የፈቃድ አሰጣጥ አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፣ የሱዳን መንግሥት በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ በኪራይ እንዲይዝ ፈቅደዋል። የፈቀዱት ግን እንዲሁ አልነበረም። የወንዙ ዳርቻ ከ2,000 ሜትር፣ የቦታው ስፋት ከ400 ሔክታር እንዳይበልጥ ወሰኑ፤ ለንግድ እንጂ ለፖለቲካ ወይም ለጦር ሥራ እንዳይውል ከለከሉ፤ ዘመኑንም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብለው ቈረጡት። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው በጋምቤላ ነው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ በወጣች ጊዜም ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ለማን፣ ለምን ሥራ፣ እስከ የት፣ እስከ መቼ የሚሉት አራት ጥያቄዎች በአንድ ውል ላይ መልስ አግኝተዋል። አድሚን ሲሾምም የሚጠየቁት እነዚሁ ናቸው።

ወደ ምሳሌያችን ግሩፕ እንመለስና፣ 300 ሰው ላለበት የገበያ ግሩፕ አራት ወይም አምስት አድሚን ከበቂ በላይ ነው። አንዱ የዋጋ መዝጋቢ ይሆናል፤ ሥልጣኑም መልእክት መስካት ብቻ ነው። አንዱ በር ጠባቂ ነው፤ ሊንክ ያወጣል፣ የሚገቡትን ይመረምራል። ሁለቱ ደግሞ ሥርዓት አስከባሪዎች ናቸው፤ የመሰረዝና የማገድ ሥልጣን አላቸው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ከተማ የሚኖሩና አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያነቡ ሊሆኑ አይገባም። በኑዌርኛ የተጻፈውን ስድብ አማርኛ ብቻ የሚያነብ አድሚን ሊፈርደው አይችልም፤ ሳያነብ የሰረዘ እንደ ሆነ ያዳላል ይባላል፤ ሳይሰርዝ የተወ እንደ ሆነም ያዳላል ይባላል። ስለዚህ አንዱ ከጋምቤላ ከተማ፣ አንዱ ከትየርኪዲ ገበያ፣ አንዱ ሌሊት የሚያመሽ፣ አንዱ ማለዳ የሚነሣ ቢሆን ሥራው የቀና ይሆናል። ባለቤቱ በአድሚኑ ስም አጠገብ የማዕረግ ስም ሊጽፍለት ስለሚችል «ዋጋ መዝጋቢ» ወይም «በር ጠባቂ» ተብሎ ቢጻፍ አባሉ አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ ያውቃል።

ትየርኪዲ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ልምድ አለ። መጠለያው በዞንና በብሎክ የተከፈለ ነው፤ ስደተኞቹም ከመካከላቸው የሚመርጧቸው የብሎክና የዞን ተጠሪዎች፣ በላያቸውም ማዕከላዊ ኮሚቴ አሏቸው። የብሎክ ተጠሪ የሌላውን ብሎክ ጉዳይ አይፈርድም። ይህን አሠራር የሚያውቅ ቸርቻሪ የአድሚን ሥልጣን መከፋፈሉን ብዙ ሳያስረዱት ይቀበለዋል። ቢሆንም የብሎክ ተጠሪው በመጠለያው ስለተከበረ ብቻ በንግድ ግሩፕ ውስጥም አድሚን ይሁን ማለት ትክክል አይደለም፤ የነጋዴ ዳኛ ሆኖ ሳለ የሕዝብ ተጠሪ ሆኖ ይከሰሳልና፣ ሁለቱ ሹመት ቢለያይ ለእርሱም ይሻለዋል።

አዲስ አድሚን የመሾም ሥልጣን ከባለቤቱ እጅ ባይወጣ የተሻለ ነው። በቴሌግራም ደንብ አድሚን ከራሱ ያልተሰጠውን ሥልጣን ለሌላ ሊሰጥ አይችልም፤ የሾመውንም ራሱ ሊሽረው ይችላል። ነገር ግን አድሚን አድሚንን፣ ያም ሌላውን እየሾመ ከሄደ፣ ባለቤቱ የማያውቃቸው ሰዎች በቤቱ ውስጥ ቁልፍ ይዘው ይገኛሉ።

የአባልም ሥልጣን እንዲሁ ይከፋፈላል። ባለቤቱ ለአባላት ሁሉ ባንድ ጊዜ ጽሑፍ መጻፍን፣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ መላክን፣ ስቲከር መላክን፣ ሊንክ ማስገባትን፣ የሕዝብ ድምፅ መጠየቅን፣ አዲስ ሰው ማስገባትን መፍቀድ ወይም መከልከል ይችላል። ለገበያ ግሩፕ ጽሑፍና ፎቶግራፍ የግድ ያስፈልጋሉ፤ ገዥ የዘይቱን ጀሪካን ሳያይ አይገዛም። ስቲከር ግን ከቸርቻሪው የኢንተርኔት ገንዘብ በቀር የሚበላው ነገር የለም። ሰው የማስገባት ፈቃድ ለአባላት ሁሉ ክፍት ከሆነ ደግሞ በር ጠባቂ መሾሙ ከንቱ ይሆናል። ለጥንቃቄ ሲባል የመጥሪያው ሊንክ በአድሚን ፈቃድ ብቻ የሚያስገባ ተደርጎ ሊወጣ ይችላል፤ እንግዳው ይጠይቃል፣ በር ጠባቂው ማንነቱን አጣርቶ ያስገባዋል ወይም ይመልሰዋል።

ጭቅጭቅ በተነሣ ጊዜ የሚረዳ አንድ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም አባል አንድ መልእክት ከጻፈ በኋላ ሌላ እስኪጽፍ እንዲቆይ የሚያስገድደው ነው። እስከ 1 ሰዓት ድረስ ሊወሰን ይችላል፤ አድሚኖችን አይመለከትም። በገበያ ቀን ይህን ማብራት ሻጭን ያስመርራል፤ መንገድ ተቆረጠ የሚል ወሬ በወጣበት ሌሊት ግን ለ15 ደቂቃ ወይም ለ1 ሰዓት ቢደረግ፣ አንዱ ቍጣ ሌላውን ሳይጠራ ነገሩ ይጣራል።

በማገድና በመገደብ መካከል ያለው ልዩነትም በደንብ መታወቅ አለበት። የታገደ ሰው ከግሩፑ ይወጣል፤ አድሚን ካልፈታው በቀር በሊንክም አይመለስም። የተገደበ ሰው ግን በግሩፑ ውስጥ እንዳለ ይቆያል፤ ያነባል፣ ነገር ግን እስከ ተወሰነለት ቀን ድረስ አይጽፍም፤ ወይም ጽሑፍ እየጻፈ ፎቶግራፍ ብቻ እንዳይልክ ይደረጋል። ሐሰተኛ ማስታወቂያ ላወጣ ነጋዴ የመጀመሪያው ቅጣት ለ3 ቀን ወይም ለሳምንት መገደብ ቢሆን ይመረጣል። ከገበያ ወሬ ጨርሶ የተቆረጠ ቸርቻሪ እንጀራው ተነክቷል፤ ዕዳ ያለበትም ከሆነ አበዳሪውም አብሮ ይጎዳል። ማገድ ለአጭበርባሪና ሕዝብን ከሕዝብ ለሚያጋጭ ሰው ይቆይ። በገንዘብ ጠብ ያለው አድሚን ባለጋራውን ራሱ እንዳይፈርድበት፣ ለሌላው አድሚን እንዲያስተላልፍ ደንቡ ላይ ይጻፍ።

አጭበርባሪን በሚመለከት አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። የታወቀ ጅምላ ሻጭን ስምና ፎቶግራፍ ወስዶ ተመሳሳይ አካውንት ከፍቶ፣ ለአባላት በግል እየጻፈ በቴሌብር ቅድሚያ ክፍያ ላኩልኝ የሚል ሰው በየግሩፑ ይነሣል። የአድሚን ምልክት በግሩፑ ውስጥ እንጂ በግል መልእክት ላይ አይታይም። ስለዚህ በግሩፑ ራስ ላይ ተሰክቶ የሚኖረው የመጀመሪያ ማስታወቂያ፣ አድሚን በግል መልእክት ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑን በየቋንቋው የሚገልጽ ይሁን። ስምን ሰውሮ በግሩፑ ስም የመጻፍ ሥልጣንም በንግድ ግሩፕ ውስጥ ባይሰጥ ይመረጣል፤ ዋጋ የነገረውን ሰው ማንነት የማያውቅ ገዥ የሚጠይቀው ሰው የለውምና።

ከዚህም በቀር የአባላቱ ምስጢር አለ። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ስሙንና ስልኩን የማያውቀው ሰው እንዲያይበት ላይፈልግ ይችላል፤ ምክንያቱንም እንዲያስረዳ አይገደድም። በቴሌግራም እያንዳንዱ ሰው ስልክ ቁጥሩን ማን እንዲያይ እንደሚፈቅድ ራሱ ይወስናል፤ ከ100 በላይ አባላት ያሉት ግሩፕም የአባላቱን ዝርዝር ከአድሚኖች በቀር ለሌላ እንዳይታይ መሰወር ይችላል። በዋትስአፕ ግሩፕ ግን የአባሉ ቁጥር በተለመደው አሠራር ለሌሎቹ አባላት የሚታይ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በአገራችን ወጥቶ ሳለ፣ የ300 ሰው ስልክ ቁጥር ገልብጦ ለማስታወቂያ አውጪ መስጠት ቀልድ ሆኖ ሊታይ አይገባም።

ቦት የሚባለው አውቶማቲክ ሠራተኛም አድሚን ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ገቢን ይቀበላል፣ ያልተፈቀደ ሊንክ ይሰርዛል። ለእርሱም ከሚሠራው ሥራ በላይ አይሰጠው፤ ሌላ ሰው የሠራው መሣሪያ መሆኑ አይረሳ።

የአድሚኖችን ሥራ የሚቆጣጠር መዝገብ በግሩፑ ውስጥ አለ። ማን ምን መልእክት እንደ ሰረዘ፣ ማንን እንዳገደ፣ ማንን እንደ ሾመ የ48 ሰዓት ሥራ ተጽፎ ይገኛል፤ የተሰረዘውም መልእክት በዚያው ይነበባል። ይህን የሚያዩት አድሚኖች ብቻ ናቸው። 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን መዝገቡ ይጠፋል፤ ቅዳሜ ማታ የታገደ ቸርቻሪ ማክሰኞ አቤት ቢል የሚታይ ነገር አይገኝም። ስለዚህ ማኅበሩ ተራ ደብተር ገዝቶ የታገደውን ሰው፣ ያገደውን አድሚን፣ ቀኑንና ምክንያቱን በሁለት መስመር መጻፍ ይኖርበታል። የተሰረዘው መልእክት ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢቀመጥ ደግሞ ክርክሩ ያጥራል።

ሕጉም መታወቅ አለበት። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት፣ የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ ሰው እስከ 2 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ሐሰተኛ መረጃ ሆኖ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ሊደርስ ይችላል። አንዱን ሕዝብ በሌላው ላይ የሚያነሣሣ ጽሑፍ በታየ ጊዜ ያየው አድሚን ስብሰባ ሳይጠብቅ ይሰርዝ፤ መክሩ ከተባለ በኋላ ይምከሩ። የመንገድና የዋጋ ወሬ ግን በመሰረዝ ሳይሆን በማጣራት ይታረማል፤ ኢታንግ ላይ ያለ ሹፌር በስልክ ተጠይቆ የተገኘው መልስ ከወሬው ሥር ይጻፋል፤ የተናገረውም ሰውና ሰዓቱ አብሮ ይገለጻል።

የቀረው የባለቤትነት ነገር ነው። በትየርኪዲ የሚኖር ባለቤት በሦስተኛ አገር ሰፈራ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ፣ ወይም ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል፤ የጋምቤላውም ነጋዴ ይታመማል፣ ይሞታል፣ ስልኩ ባሮ ውስጥ ይወድቃል። ረዥም ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ስልክ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ እንደሚችልም አይዘንጋ። ባለቤትነትን ባለቤቱ ራሱ በፈቃዱ ለአንድ አድሚን ሊያስተላልፍ ይችላል። ለዚህም አካውንቱ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ከተከፈተ ቢያንስ 7 ቀን፣ በያዘው ስልክ ላይ ከገባ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ያለፈው መሆን አለበት፤ በጉዞው ዋዜማ ማታ ላስረክብ ቢል ቴሌግራም አይፈቅድለትም። ስለሆነም የማኅበሩ ባለቤት የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ከፍቶ፣ ተተኪ የሚሆነውን አድሚን በስብሰባ አስመርጦ፣ ርክክቡ የሚፈጸምበትን ቀን በቃለ ጉባኤ ያስጽፍ፤ በዚያም ቀን ሁለቱ ሰዎች ስልካቸውን ይዘው በምስክር ፊት ይረካከቡ።